ጣሳው የተደፋበት በር፦ የላንቻ ጠላ ጠማቂ እናቶች ታሪክ



ባለፈው የወር ስብሰባችን ሻይ ላይ ሳለን አንዲት ወጣት አባላችን «እትዬ፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቅዳሜና እሁድን በምን ያሳልፋሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ጠላ እጠምቃለሁ» አልኳት። ሳቀች። ክፋት የለባትም፤ ቢራ በየሱቁ ሞልቶ ጌሾ መውቀጥ ምን ይሉታል ብላ ነው። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዛሬ ለደስታዬ ብዬ የምሠራው ሥራ የእናቴን ዓይን በጭስ ያጠፋ፣ እኔንና ሁለት ወንድሞቼን ግን ያሳደገና ያስተማረ ሥራ ነው። የላንቻ እናቶች ታሪክ በመጽሐፍ ተጽፎ አላየሁትም። ስለዚህ የማውቀውን ልጻፍ።

ጠላ መቼ ሸቀጥ ሆነ?

በገጠር ጠላ አይሸጥም ነበር። ለሠርግ፣ ለተዝካር፣ ለጽዋ ማኅበር፣ ለዓመት በዓል ይጠመቃል። ደቦ የጠራ ገበሬ ጎረቤቶቹ አርሰውለት ወይም አጭደውለት ሲውሉ፣ ሚስቱ በጠመቀችው ጠላ ያጠጣቸዋል፣ ጠግበውም ይሄዳሉ። ልብ በሉ፤ ያ ጠላ የጉልበት ዋጋ ነበር። ዋጋውን ያዘጋጀችው ሴቷ ብትሆንም የሚቆጠረው ግን ከባልየው ግብዣ ነበር።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ይህ ልማድ ተለወጠ። የመጀመሪያዋ አዲስ አበባ የመኳንንትና የአገልጋዮቻቸው ሰፈሮች ስብስብ ነበረች። የኛ አካባቢ የቦታ ስሞች እስከ ዛሬ ይህንኑ ይናገራሉ፤ በቅሎ ቤት የበቅሎ ጠባቂዎችን፣ ጠመንጃ ያዥ የመሣሪያ ያዦችን ያስታውሱናል። በቤተ መንግሥቱም ግብር ሲበላ በሺህ የሚቆጠር ሰው ይበላና ይጠጣ ነበር። ያን ሁሉ እንጀራ የጋገሩ፣ ያን ሁሉ መጠጥ ያዘጋጁ፣ ውሃውን በእንስራ ያመላለሱ በብዛት ሴቶች ነበሩ።

በ1909 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሰው መጣ፤ ተሸካሚው፣ የቀን ሠራተኛው፣ አገሩን ትቶ የመጣው ብቸኛ ወንድ። ደቦ የሚጠራው ጎረቤት የለውም፤ ጠላ የምትጠምቅለት ሚስትም የለችውም። ጥቂት ሳንቲም ግን በኪሱ አለ። እዚህ ላይ ነው ጠላ ከግብዣነት ወደ ሸቀጥነት የተሻገረው። ሻጯም ብዙ ጊዜ እንደ እርሱ ከአገሯ የወጣች፣ ከባሏ የተፋታች ወይም ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። መሬት የላት፣ ፊደል አልቆጠረች። ከእናቷ የወረሰችው አንድ ሙያ ግን በእጇ ነበር።

ላንቻ

የሰፈራችን ስም የጣሊያኑን የመኪና ስም ላንቻን ያስታውሳል። ትንሽ ራቅ ብሎ ያለው ካዛንቺስም እንዲሁ ከጣሊያን ዘመን የቀረ ስም ነው። ጣሊያን ሄደ፤ መኪናው፣ ጋራዡና የደብረ ዘይት መንገድ ቀሩ። እኔ ያደግሁበት ላንቻ የመካኒኮች፣ የሾፌሮችና የወዛደሮች ሰፈር ነበር። በስተደቡብ ያለው ጎተራም ስሙ እንደሚናገረው የእህል ማከማቻ ነው። ጥማት ያለው ሠራተኛ ባለበት፣ እህልም በቅርብ ባለበት፣ ጠላ ቤት ይበዛል።

እናቴ ከቡልጋ የመጣችው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከባሏ ተጣልታ፣ አንድ ነጠላና አንድ ቅል ይዛ ነው የወጣችው። አንዲት የአገሯ ሴት አስጠግታ ጥንስስ አስያዘቻት። ከዓመት በኋላ የራሷን አንዲት ክፍል ተከራየች፤ በሩ ላይም በእንጨት ጫፍ ጣሳ ደፋች። ማንበብ የማይችል ሁሉ ያንን ምልክት ያነባል፤ «እዚህ ቤት ጠላ አለ» ማለት ነው።

ሥራው እንዴት ነው?

ወጣቶቻችን ጠላ ሲባል እህልና ውሃ ተቀላቅሎ የሚያድር ይመስላቸዋል። ልንገራችሁ። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ይፈገፈግና ይታጠባል፤ ከዚያ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ጭሱ ለሽታ ብቻ አይደለም፤ ጠላው ቶሎ እንዳይበላሽ ያግዛል። ቀጥሎ የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል በውሃ ይዘፈዘፍና ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፤ ይህ ጥንስሱ ነው። ገብሱ ደግሞ ቀደም ብሎ ተዘፍዝፎ፣ በቅሎ፣ ደርቆ ተፈጭቷል፤ ብቅል የምንለው ነው። ብቅሉና ተቆራርሶ የሚጨመረው ቂጣ ከጥንስሱ ጋር ሲገናኙ ድፍድፍ ይሆናል። አሻሮው ተቆልቶ ይፈጫል፤ ዱቄቱ በምጣድ ላይ ከውሃ ጋር እየታመሰ እንኩሮ ይሆናል። የጠላው መልክ ጠቆር ወይም ቀላ የሚለው በአሻሮው አቆላል ነው። በመጨረሻ የጌሾው እንጨት ይገባል፤ ውሃ ይሞላል፤ አፉ ይከደናል።

ያልጠለለው ጉሽ ነው፤ ተጣርቶና ታሽጎ የቆየው ፊልተር ይባላል። በአተላው ላይ ውሃ ሲጨመር ቅራሪ ይወጣል። አተላውም አይጣልም፤ ለከብት ይሸጣል። በትግርኛ ስዋ፣ በኦሮምኛ ፋርሶ ይሉታል፤ የእህሉ ዓይነት ከአገር አገር ይለያያል እንጂ ሙያው ዘመዳሞች ነው።

እናቴ ሚዛን አልነበራትም። ብቅሉን ቀምሳ፣ ድፍድፉን ጆሮዋን አስጠግታ አዳምጣ፣ «ገና ነው» ወይም «ደርሷል» ትላለች። እኔ ይህን ዛሬ ኬሚስትሪ እለዋለሁ። ያኔ ግን አፍርበት ነበር። ትምህርት ቤት የወላጅ ሥራ ስጠየቅ «የቤት እመቤት» ብዬ አስመዘገብኩ፤ «የጠላ ሻጭ ልጅ» እንዳልባል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የምትነሳ፣ ለአሥር ሰው ዱቤ በቃሏ የምትይዝ፣ በወር እቁብ የምትጥል ሴት «ሥራ የላትም» ተብላ ተጻፈች። የጻፍኩት እኔው ነኝ።

ቢራው ለምን ጠላውን አላጠፋውም?

የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው፤ ከላንቻም ሩቅ አይደለም። ታዲያ ከመቶ ዓመት በኋላ ጠላ እንዴት ቆየ?

መልሱን ለማግኘት እስከ እንግሊዝ እንሂድ። በእንግሊዝ አገር እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በየቤቱ ጠምቀው የሚሸጡት በብዛት ሴቶች ነበሩ። ኋላ ሆፕ የሚባለው መራራ ተክል መጣ። ሆፕ የገባበት ቢራ ሳይበላሽ ብዙ ይቆያል፤ ሩቅም ይጓዛል። ለዚህ ግን ትልቅ ጋን፣ ትልቅ ቤትና ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ገንዘቡ የነበረው ወንዶች ዘንድ ነው። ሥራው ቀስ በቀስ ከሴቶቹ እጅ ወጣ። የኛ ጌሾም ለጠላው ምሬት ይሰጠዋል፤ ጠላ ግን በቀናት ውስጥ ካልተጠጣ ይቆመጥጣል። ስለዚህ ጠላ ጠማቂዋ ከጠጪው ጎረቤት መሆን አለባት። እንደ ድክመት የሚታየው ይህ ጠባዩ ሙያውን በእናቶቻችን እጅ ካቆዩት ምክንያቶች አንዱ ይመስለኛል። ሌላው ምክንያት ዋጋው ነው፤ አንድ ጠርሙስ ቢራ መግዛት ያልቻለ ወዛደር አንድ ጣሳ ጠላ አያጣም።

በደቡብ አፍሪካ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1908 በወጣ ሕግ የደርባን ከተማ አስተዳደር የአገሬውን ቢራ ጠምቆ የመሸጥ መብት ለራሱ ብቻ ያዘ፤ ሴቶቹ በቤታቸው ሲጠምቁ ፖሊስ ጋናቸውን ይደፋ ነበር። በ1959 የኬቶ ማኖር ሴቶች ተነስተው የማዘጋጃ ቤቱን መጠጥ ቤቶች ወረሩ። ይህን ሳነብ የላንቻ እናቶች ትዝ አሉኝ። የጣሳው ነገር ለሌላ ሰው ቀላል ይመስላል፤ ለባለቤቷ ግን የልጅ ደብተርና የቤት ኪራይ ነው።

አስቸጋሪ ዓመታት

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣ የእናቴ ክፍል የቀበሌ ቤት ሆነ፤ ኪራዩም ቀነሰ። ለመጀመሪያ ጊዜ እፎይ አለች። በ1977ቱ ድርቅ ግን እህል ተወደደ። እናቴ በዚያ ዓመት ለጥቂት ወራት ጋኗን አልሞላችም፤ «ሰው እየተራበ እህል አላቦካም» አለች። እኛም ያን ጊዜ በቅራሪና በቆሎ ነው የከረምነው።

ክፉውንም ልደብቅ አልፈልግም። ደመወዙን ጠላ ቤት ጨርሶ ለሚስቱ ባዶ እጁን የሚገባ ነበር። ሰክሮ ጠብ የሚያነሳ፣ በእናቴ ላይ እጁን ያነሳ ነበር። ዱቤውን ሳይከፍል ሰፈር የቀየረ ብዙ ነው። ጭሱም አለ፤ ብዙዎቹ የሰፈራችን ጠማቂዎች በእርጅናቸው ዓይናቸው ደክሟል። ሙያውን ሳመሰግን ይህን አልረሳም።

ዛሬ

ዛሬ ላንቻ ሌላ ነው። ሰፈሮች እየፈረሱ ሰው ወደ ኮንዶሚኒየም ገብቷል፤ ካዛንቺስም በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ መልኩ ተለውጧል። አዲሱ ቤት ውሃ አለው፣ መጸዳጃ አለው፤ ይህን የምትጠላ እናት የለችም። አራተኛ ፎቅ ላይ ግን ወይራ ማጨስ አይቻልም፤ ጣሳ የሚደፋበት በር የለም፤ ደንበኛውም ከሰፈሩ ጋር ተበትኗል። አባሎቻችን መካከል በዚህ ምክንያት ገቢያቸው የቆመ ሁለት እናቶች አሉ። ስማቸውን አልጠራም፤ ታውቋቸዋላችሁ።

ነገሩ የሚገርመው፣ በሌላ አገር ቤት ውስጥ መጥመቅ የተከበረ የእረፍት ጊዜ ሥራ ሆኗል። አሜሪካ ውስጥ ለቤት ፍጆታ ቢራ መጥመቅ በፌዴራል ሕግ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1978 ፕሬዚዳንት ካርተር በፈረሙት ሕግ ነው፤ ዛሬ ለዚሁ መጽሐፍም ውድድርም አለ። ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ የኛ ሰዎችም ጌሾ ከሱቅ ገዝተው ለበዓል ይጠምቃሉ። እነርሱ መመሪያ ገዝተው የሚማሩትን የኛዎቹ በእጃቸው ይዘው ዝም ብለዋል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናለሁ። አንደኛ፣ የአባላት መዝገባችን ላይ «ሥራ» በሚለው ቦታ ጠላ ጠማቂዎቻችን «ጠማቂ» ተብለው ይጻፉ እንጂ «የቤት እመቤት» አይባሉ። ሁለተኛ፣ የኮንዶሚኒየሙ የጋራ መጠቀሚያ ቤት ለሠርግና ለተዝካር እንደሚፈቀድ ሁሉ፣ እነዚህ ሁለት እናቶች በተራ የሚጠምቁበት ቀን እንዲሰጣቸው ማኅበራችን በደብዳቤ ይጠይቅ። ሦስተኛ፣ እያንዳንዳችን አንዲት አሮጊት ዘንድ ተቀምጠን ልኩን እንጻፍ፤ ስንት ጣሳ ብቅል፣ ስንት እፍኝ ጌሾ፣ ስንት ቀን።

እኔ የእናቴን ልክ በሕይወት ሳለች አልጻፍኩትም። አሁን በየቅዳሜው የምሞክረው እርሱን ለማግኘት ነው። ሦስት ጊዜ ኮመጠጠብኝ፤ በአራተኛው ቀረበ። ያቺ የሳቀችው ልጅ ባለፈው ቅዳሜ ደብተር ይዛ መጣች። ግራዋውን እርሷ ናት የፈገፈገችው።