መረቡ የወጣበት ሐይቅ

ጠጋ በሉና ስሙኝ። የምተርክላችሁ በአሜሪካ ሰሜን፣ በሚኒሶታ ስቴት ስላለ አንድ ሐይቅ፣ ዓሣው አልቆበት ስለነበረና ስለተመለሰለት ሐይቅ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እነግራችኋለሁ፤ ነገሩ የተጻፈው በእነሱ ነውና።

በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ብዙ ወገኖቻችን ስለሚኖሩ ሚኒሶታን በስም የማያውቅ አበሻ ጥቂት ነው። ከእነዚያ ከተሞች ተነሥታችሁ ወደ ሰሜን አራት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ብትነዱ ጥዱ እየበዛ፣ መንደሩ እየሳሳ ይሄዳል። ከዚያ ማዶው የማይታይ ውሃ ፊታችሁ ይዘረጋል። ሬድ ሌክ ይባላል። ስፋቱ ከጣና ሲሶ ትንሽ ይበልጣል። ላይኛውና ታችኛው የሚባሉ ሁለት ክፍሎች አሉት፤ በአንዲት ጠባብ መተላለፊያ ይገናኛሉ።

ሐይቁ የኦጂብዌ ሕዝብ፣ የሬድ ሌክ ጎሳ ነው። በ1889 የዋሽንግተን መልእክተኞች መጥተው፣ መሬታችሁን በነፍስ ወከፍ ተካፈሉ፣ የተረፈው ለሰፋሪ ይሰጥ ሲሏቸው ሽማግሌዎቹ ተከራከሩ። ሰፊ መሬት ለቀቁ፤ የቀረውን ግን አንከፋፈልም፣ የጋራችን ይሁን ብለው ጸኑ። እስከ ዛሬም የጋራ ነው። ሁለቱ ሐይቆች ሙሉ በሙሉ ለልጅ ልጆቻችን ይቅሩ ያሉትም ያን ጊዜ ነው። ድንበሩ ሲሰመር ግን የላይኛው ሐይቅ ምሥራቃዊ ክፍል ከመስመሩ ውጭ ወድቆ ለስቴቱ ሆነ። ጎሳው ይህን እንደ ተነጠቀ ርስት ይቆጥረዋል፤ ቅሬታው ዛሬም አልሻረም። ይህችን መስመር በልባችሁ ያዙልኝ። ዓሣው መስመር አያውቅም፤ ጠዋት በጎሳው ውሃ የነበረ ማታ በስቴቱ ውሃ ይገኛል።

ስለ ዓሣውም ልንገራችሁ። ዎልአይ ይሉታል። ጀርባው ወርቅማ ቡናማ፣ ሆዱ ነጭ፣ ጥርሱ የሾለ ነው። ጉዱ ግን ዓይኑ ነው፤ ከጀርባው ብርሃን የሚመልስ ሽፋን ስላለው ሌሊት ባትሪ ስታበሩበት እንደ ጅብ ዓይን ያበራል። በጨለማና በደፈረሰ ውሃ አጥርቶ ያያል፣ ትንንሾቹ ዓሦች አያዩትም፤ አደኑም በዚያ ነው። ስለዚህ አስጋሪው የሚጠብቀው ጀምበር ስታዘቀዝቅ ወይም ንፋስ ውሃውን ሲያናውጠው ነው። መንጠቆው ላይ ትንሽ ዓሣ ይሰካና ወደ ወለሉ ያወርደዋል፣ ቀስ አድርጎ ያነሣዋል፣ ይመልሰዋል። ዎልአይ አይመነጭቅም፤ ክሩ ላይ አንዳች ክብደት የተንጠለጠለ ብቻ ይመስላል። ያን ክብደት የለየ እጅ ነው ዓሣ ይዞ የሚገባው። ሥጋው ነጭ፣ እሾሁ ጥቂት፣ ጣዕሙ ለስላሳ ነው። ሚኒሶታ በ1965 የስቴቱ ዓሣ ብላ በሕግ ሾመችው። በግንቦት አንድ ቅዳሜ የዎልአይ ወቅት ሲከፈት አገሬው ሁሉ ጀልባውን እየጎተተ ወደ ውሃ ይወርዳል፤ አገረ ገዥው ሳይቀር መንጠቆ ይዞ ይወጣል።

በዚያ አገር ሌሎችም የተከበሩ ዓሦች አሉ። መስኪ አለ፤ ከሜትር በላይ የሚረዝም፣ ከሬድ ሌክ በስተ ደቡብ በሊች ሌክ ስሙ የገነነ አዳኝ። ማባበያውን እየተከተለ እስከ ጀልባው ጎን ይመጣና ዝም ብሎ አይቶት ይመለሳል። ስለዚህ አስጋሪዎቹ ማባበያውን ከውሃው ከማውጣታቸው በፊት በዘንጋቸው ጫፍ ውሃው ውስጥ ስምንት ቁጥር ይስላሉ፤ አንዳንዴ በመጨረሻው መዞሪያ ላይ ይነክሳል። ሲነክስ የሚሆነውን ያየ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ያወራዋል። በሚኒያፖሊስ መካከል በሚያልፈው በሚሲሲፒ ወንዝ ደግሞ ባስ ይያዛል። የባስ ወንዱ በጠጠር ላይ ጎድጓዳ ጎጆ ጠርጎ ያበጃል፣ ሴቷ ትጥልበታለች፣ እሱም እንቁላሉንና ጫጩቱን እየዞረ ይጠብቃል። ዎልአይ እንዲህ አይደለም። በረዶው እንደቀለጠ፣ ውሃው ገና ሳይሞቅ፣ በጠጠሩ ላይ እንቁላሏን ትበትናለች፣ ትሄዳለች። ጠባቂ የለውም። አብዛኛው ይበላል፣ ይጠፋል፤ ዘሩ የሚተርፈው እናቶቹ ብዙ ስለሆኑ ብቻ ነው። እናቶቹ ሲያልቁስ? ታሪኩ እዚህ ነው።

በ1917፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሥጋ ባስወደደበት ጊዜ፣ ስቴቱ ለሕዝቡ ርካሽ ምግብ ፍለጋ በሬድ ሌክ ዳር፣ ሬድቢ በምትባል መንደር የዓሣ ማዘጋጃ ከፈተ። ጎሳው መረብ ይጥላል፣ ዓሣው በባቡር ወደ ከተማ ይሄዳል። በ1929 ሥራውን የጎሳው አስጋሪዎች ማኅበር ተረከበው። ሥራ በጠፋበት አገር ይህ ታላቅ ነገር ነበር። አባት መረብ ይጠግናል፣ እናት ታሰናዳለች፣ ልጅ ከጀልባ ያወርዳል። ከስድስት አሥርት ዓመታት በላይ ስንት ቤት በዎልአይ እንዳደገ አስቡት።

መረቡ ዓሣው ራሱን አሾልኮ ገብቶ መውጣት የሚያቅተው ዓይነት ነው። ማታ ይጣላል፣ ጠዋት ይነሣል። በጣናም እናውቀዋለን፤ በ1986 ሞተር ጀልባና ረጅሙ መረብ ሲገባ፣ ቀድሞ በደንገል ታንኳ ዳር ዳሩን ብቻ ይደርስ የነበረው አስጋሪ እስከ መሐል ሐይቅ ደረሰ። በክረምት ማብቂያ ወደ ጉማራና ወደ ርብ ለመራባት የሚወጡት፣ ከጣና ሌላ በዓለም የትም የማይገኙት የቢልቻ ዓይነቶች በወንዞቹ አፍ ላይ ተጠመዱ፤ ቁጥራቸውም በ1990ዎቹ ክፉኛ አሽቆለቆለ። ለዚህ ነው የሬድ ሌክን ነገር ስሰማ ሩቅ አገር የማይመስለኝ።

በሬድ ሌክ ችግሩ ሁለት እጅ ነበረው። በማኅበሩ በኩል ተመዝግቦ የሚሸጥ ዓሣ አለ፤ ከዚያ ጎን ግን በጓሮ የሚሸጥ፣ ማንም የማይቆጥረው ሌላ ዓሣ ነበር። ከመስመሩ ወዲያም የስቴቱ አስጋሪዎች የበኩላቸውን ያወጡ ነበር። አንዱ ሌላውን ከሰሰ። እኔ የድሃውን እጅ ለመኮነን አልቸኩልም፤ ሥራ በሌለበት መንደር አንድ ሣጥን ዓሣ የልጆች ጫማ ነው። ሆኖም ውሃው ምክንያት አይሰማም። በ1990ዎቹ አጋማሽ መረቡ ባዶውን መውጣት ጀመረ፤ ለመራባት የደረሱ እናቶች ከነጭራሹ ጠፉ ማለት ይቻላል።

ዎልአይ ሲጠፋ ቦታውን ክራፒ የተባለ ሌላ ዓሣ ያዘው። ክራፒው በዛ፣ ወፈረ፤ በክረምት በበረዶው ላይ ድንኳንና መኪና እስኪጨናነቅ ድረስ ሰው ከየቦታው ጎረፈ። ለጥቂት ዓመታት ያ ጫጫታ የዎልአይን ሐዘን ሸፈነው።

አሁን የምወደው ክፍል ላይ ደረስኩ። ማንም ፖሊስ ሳይልክባቸው፣ ፍርድ ቤትም ሳያዝዛቸው፣ የጎሳው አስጋሪዎች ራሳቸው መክረው የንግድ ማስገሩን በ1997 አቆሙ። ይህን እንደ ቀላል አትዩት። ስብሰባው ላይ እጅ የሚያወጣው ሰው በገዛ እንጀራው ላይ ነው የሚፈርደው፤ ማታ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ የሚነግረው ይህን ነው። በዓመቱ ጎሳው ለገዛ ማዕዱም እንኳ ዎልአይ እንዳይያዝ ወሰነ። አያቶቹ ከሐይቁ የበሉ ሰው ሐይቁን እያየ ሌላ ገዝቶ በላ። በ1999 ስቴቱም በበኩሉ ውሃ ዎልአይ ማስገርን ዘጋ። በዚያው ዓመት ጎሳው፣ ስቴቱ እና የፌዴራሉ የነባር ሕዝቦች ቢሮ አንድ ስምምነት ላይ ደረሱ። ለመቶ ዓመት በዚያች መስመር የተኮራረፉ ወገኖች ናቸው፤ ቅሬታቸውን ሳይተዉት ለዓሣው ሲሉ ተቀመጡ።

ከዚያ ጫጩት ለቀቁ። በ1999፣ በ2001 እና በ2003፣ በሦስት ዙር፣ ከመቶ ሚሊዮን በላይ፤ እያንዳንዱ ከጥፍር የማይበልጥ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ፍጥረት። ከመልቀቃቸው በፊት ቴትራሳይክሊን በተባለው መድኃኒት ውስጥ ነከሩዋቸው። ለምን ትሉኛላችሁ? መድኃኒቱ በዓሣው አጥንት ላይ ምልክት ይተዋል፤ በኋላ ዓሣው ሲያዝ አጥንቱን በልዩ ብርሃን ቢያዩት ይፈካል። እንዲህ አድርገው በሰው እጅ የተለቀቀውን እዚያው ሐይቁ ውስጥ ከተፈለፈለው ለዩ። የሚፈልጉት የማይፈካውን ነበር፤ ሐይቁ ራሱ ወልዶ ያሳደገውን። የተለቀቁት አድገው እናት ሲሆኑ የማይፈካው እየበዛ መጣ። ከ2003 ወዲህ ጫጩት መጨመር አላስፈለገም።

የተከለከለው ግን ወዲያው አልተከፈተም። ዓሣው እየታየ፣ ክራፒ ሊይዝ የወረደ ሰው መንጠቆ ላይ ዎልአይ እየወጣ፣ ወደ ውሃው መመለስ ነበረበት። ያ ትዕግሥት ከመጀመሪያው ውሳኔ ያላነሰ ከባድ ይመስለኛል፤ በሌለ ነገር መጾምና ፊት ለፊት በተቀመጠ ነገር መጾም አንድ አይደሉምና።

በግንቦት 2006 ተከፈተ። በስቴቱ በኩል ለአንድ ሰው በቀን ሁለት ዓሣ ብቻ ተፈቀደ፤ ለመራባት የደረሱት መካከለኞቹም ተለክተው ወደ ውሃ እንዲመለሱ ታዘዘ። ጎሳውም የንግድ ማስገሩን ሲጀምር መረቡን አልጣለም፤ በመንጠቆ ጀመረ፣ አንድ በአንድ። የሬድቢው ማዘጋጃም እንደገና የሬድ ሌክን ዎልአይ ተቀበለ።

ክርክሩ አልቆመም፤ የመስመሩ ጉዳይም እንዳለ ነው። ነገር ግን በየመጸዉ የጎሳውም የስቴቱም ባለሙያዎች የመቁጠሪያ መረብ ያወርዳሉ፤ ስንት እናት እንዳለች፣ ስንት የአንድ ዓመት ልጅ እንዳለ ይመዘግባሉ፣ መዝገባቸውንም ያገናኛሉ። በሚቀጥለው ወቅት አንድ አስጋሪ ስንት ዓሣ ይዞ ቤቱ ሊገባ እንደሚችል የሚወሰነው ከዚያ ነው፤ ቁጥሩ አንድ ዓመት ከፍ ይላል፣ ሌላ ጊዜ ዝቅ ይላል፣ ሰዉም ፈቃዱን ሲያወጣ ገልጦ ያነብበዋል።