«ጠብቅ፣ ይረክሳል» ያልኩት እኔ ነኝ

ባለፈው እሁድ ሰበታ ቤተሰብ ጋ ምሳ በልተን ቡና እየጠጣን ታናሽ ወንድሜ ድንገት «ጠብቅ ያልከኝ እኮ አንተ ነህ» አለኝ። እናታችን ስለ ምን እንደሚያወራ አልገባትም። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2016 ዓ.ም ግንቦት ላይ ልጁ 35 ሺህ ብር አጠራቅሞ ያገለገለ ፒኤስ 4 ሊገዛና ዓለም ገና አካባቢ ትንሽ ጌም ቤት ሊከፍት ነበር። እኔ ደግሞ ታላቅ ወንድም ነኝ፣ መካሪ ነኝ። «አትቸኩል። ፒኤስ 5 ከወጣ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ሶኒ ዋጋ መቀነሱ አይቀርም፤ ያኔ ፒኤስ 4 በግማሽ ዋጋ ታገኛለህ» አልኩት። ልጁም ሰማኝ። ሐምሌ 22 ቀን ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ለቀቀው። መስከረም ላይ ያንኑ ዕቃ ሲጠይቅ ዋጋው ከያዘው ብር በ14 ሺህ በለጠበት።

ዝም ብዬ አልነበረም የመከርኩት። ታሪኩን አውቃለሁ ብዬ ነው። ዛሬ ያንን ታሪክ ልንገራችሁና፣ የት ላይ እንደተሳሳትኩ አብረን እንይ። (የውጭ ዋጋዎቹ የአሜሪካ ናቸው፣ ከነሱ ጋር ያሉት ዓመቶችም በፈረንጅ።)

1995 ላይ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ትልቅ የጌም ኤግዚቢሽን ነበር። ሴጋ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ ሳተርን የተባለውን ማሽኑን በ399 ዶላር እንደሚሸጥ ተናገረ። የሶኒው ስቲቭ ሬስ መድረክ ላይ ወጥቶ የተናገረው ዋናው ቃል አንድ ቁጥር ነበር፤ «299»። ብሎ ወረደ። በዓመቱ ሶኒ ፕሌይስቴሽንን ጭራሽ ወደ 199 አወረደው። ሳተርን ከዚያ ወዲህ ቀና አላለም።

ከዚያ ፒኤስ 2 መጣ። 2000 ላይ 299 ዶላር ነበር። 2002 ላይ 199፣ 2003 ላይ 179፣ 2004 ላይ 149፣ 2006 ላይ 129፣ 2009 ላይ 99 ገባ። እያያችሁ ነው? ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ነው። ይህ ቸርነት አልነበረም። መጀመሪያ ሁለት የነበሩት ዋና ዋና ቺፖች በኋላ በአንድ ትንሽ ቺፕ ተጠቃለሉ፣ ሳጥኑ ቀጠነ፣ ወጪው ቀነሰ። ሌላው ምክንያት ደግሞ የኩባንያው ትርፍ ያለው ማሽኑ ላይ ሳይሆን ጨዋታው ላይ መሆኑ ነው። ማሽኑን በርካሽ ያገኘ ሰው ለዓመታት ዲስክ ሲገዛ ይኖራል። ፒኤስ 3 ከወጣ ከስድስት ዓመት በኋላ እንኳ ፒኤስ 2 ይመረት ነበር፤ የቆመው 2013 መጀመሪያ ላይ ነው። ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል።

ከነዚያ ሚሊዮኖች አንዱ ሰበታ ገበያ ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነበር። 2000 ዓ.ም አካባቢ፣ እኔ ከትምህርት ቤት ስወጣ ደብተሬን ሳላስቀምጥ የምሮጥባት ቤት። ከጎኗ ጆተኒና ፑል ቤት ነበር፤ እኛ ግን ዞር ብለን አናያቸውም። አንድ ጨዋታ 1 ብር፣ ተሸናፊ ይከፍላል። ሁለት ጆይስቲክ፣ አንዱ የግራ ቁልፉ የማይሠራ፣ እንግዳ ለሆነ ልጅ የሚሰጠው እሱ ነው። መብራት ከጠፋ ውጤቱ ላይ ጠብ ይነሳል። ማሽኑን ከዱባይ የመጣ ዘመድ በሻንጣ ነው ያመጣው። ባለቤቱ ሀብታም አልነበረም። ያንን ዕቃ ሊገዛ የቻለው ሶኒ ስድስትና ሰባት ዓመት ሙሉ ዋጋ ሲቀንስ ስለቆየ ነው።

እዚህ ላይ አንድ እውነት እናውጣ። እኛ የምንጫወትባቸው ዲስኮች የተገለበጡ ነበሩ። ሶኒ ከኛ ቤት ከጨዋታ ያገኘው አምስት ሳንቲም የለም። ማሽኑ የረከሰልን ሌላ አገር ያለ ልጅ ኦሪጅናል ዲስክ በሙሉ ዋጋ ስለገዛ ነው። ይህን ሳንናገር «ኩባንያው ለኛ ዋጋ ይቀንስልን» ማለት ትንሽ ያሳፍራል።

ዋጋ መቀነስ ሁልጊዜ መዳን ነው ማለትም አይደለም። ሴጋ ድሪምካስትን ከ199 ወደ 149፣ ከዚያም ወደ 99 አወረደው፤ 2001 ላይ ግን ማምረቱን ጭራሽ ተወው። ኔንቴንዶ በተቃራኒው 2011 ላይ 3ዲኤስን ገበያ በገባ በአምስት ወር ውስጥ ከ249 ወደ 169 ቆረጠው፣ አለቃው ሳቶሩ ኢዋታ የራሱን ደሞዝ በግማሽ ቀነሰ፣ ማሽኑም ተነሳ። ልዩነቱ ምንድን ነው? ኔንቴንዶ የቆረጠው ገና በጊዜ፣ የሚሸጥ ጨዋታና የሚችለው ኪሳራ እያለው ነው። ሴጋ የቆረጠው ጉልበቱ ካለቀ በኋላ ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ አንብቤ ነው ወንድሜን «ጠብቅ» ያልኩት። ሃያ ዓመት ሙሉ የጠበቀ ሰው ሲያተርፍ አይቻለሁ። ፒኤስ 4 እንኳ 2013 ላይ 399 ወጥቶ 2016 ላይ 299 ገብቷል።

ግን ሁለት ነገር ተለውጦ ነበር፤ እኔ አላየሁም።

አንደኛው እዚያ ማዶ ነው። ቺፕ ማሳነስ እንደ ድሮው ወጪ አይቀንስም። ኔንቴንዶ ስዊችን 2017 ላይ በ299 አውጥቶ ለዓመታት ሳይቀንስ ከ150 ሚሊዮን በላይ ሸጠ። ይህን ያየ ኩባንያ ለምን ይቀንሳል? ሶኒ 2022 ላይ ፒኤስ 5ን በአውሮፓና በጃፓን ጨመረ። 2025 ነሐሴ ላይ ደግሞ አሜሪካ ላይ 499 የነበረውን 549 አደረገው። አምስት ዓመት ያስቆጠረ ዕቃ ዋጋው ሲጨምር ማየት የተለመደ አልነበረም።

ሁለተኛው እዚሁ ደጃፋችን ነው። በባንክ ምንዛሪ ብቻ፣ ቀረጥና 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሳይገባበት፣ አብረን እናስላ፦

2002 ላይ ፒኤስ 2፣ 199 ዶላር፣ ወደ 1,700 ብር።
2009 ላይ ፒኤስ 2፣ 99 ዶላር፣ ወደ 1,100 ብር።
2016 ላይ ፒኤስ 4፣ 299 ዶላር፣ ወደ 6,600 ብር።
2020 ላይ ፒኤስ 5፣ 499 ዶላር፣ ወደ 19,000 ብር።
ምንዛሪው ከመለቀቁ በፊት ያው ፒኤስ 5፣ በ57 ብር ሂሳብ፣ 28,400 ብር።
2025 ነሐሴ ላይ፣ 549 ዶላር፣ በ140 ብር ገደማ፣ 77,000 ብር።

አሁን ሶኒ ያንን የ2025 ዋጋ በግማሽ ቆርጦት ነበር እንበል። 275 ዶላር። በዚያው ምንዛሪ በኛ ብር 38,500 ይመጣል። በግማሽ ተቆርጦም ከምንዛሪው በፊት ከነበረው በ10 ሺህ ብር ይበልጣል! እውነት ነው፣ ነጋዴው ዶላሩን ከባንክ አያገኝም ነበር፤ በጥቁር ገበያ ስለሚገዛ የሱቁ ዋጋ ቀድሞም ሲወጣ ነበር። የባንኩ ቁጥር ያሳየን ቀስ እያለ ሲደርስብን የቆየውን ነው።

የጌም ቤት ባለቤት ግን በዶላር አያስብም፣ በጨዋታ ነው የሚያስበው። በ1 ብር ጨዋታ ጊዜ ያ 1,100 ብር 1,100 ጨዋታ ነው። በቀን 40 ጨዋታ ከተያዘ አንድ ወር አይሞላም። ዛሬ እኛ ሰፈር አንድ ጨዋታ 15 ብር ነው። 77 ሺህ ብር ለመመለስ ከ5,100 በላይ ጨዋታ ያስፈልጋል፣ በዚያው ሂሳብ ከአራት ወር በላይ። የቤት ኪራይ፣ መብራትና የሚሰበር ጆይስቲክ ሳይቆጠር። ፒኤስ 5 ላይ ደግሞ እንደ ድሮው ገልብጦ መጫወት የለም፤ ጨዋታውም ይገዛል።

ታዲያ ኩባንያው መቀነስ አለበት ወይ? እኔ አለበት ባይ ነኝ፤ ግን አዲሱን ሳይሆን አሮጌውን። የፒኤስ 2 ትልቁ ነገር 99 ዶላር መግባቱ ብቻ አልነበረም፤ ታናሹ ከተወለደ በኋላም በርካሽ መመረቱን መቀጠሉ ነው። ሰበታ የደረሰው፣ ቡራዩና ሱሉልታ የደረሰው በዚያ በር ነው። ዛሬ እኛም ጨዋታ እየገዛን ስለሆነ፣ አንድ ርካሽ ማሽን እዚህ ገባ ማለት ሰፈር ሙሉ ልጅ ያንን ጨዋታ ለመደ ማለት ነው። ድሮ ላልከፈልነው ዛሬ እየከፈልን ነው።

ግን እሱን እስኪያደርጉ መጠበቅ ሞኝነት ነው። የጅቡቲ ባቡር መነሻው እዚሁ ሰበታ ነው፤ ፕሌይስቴሽኑ ግን ዛሬም በሻንጣ ነው የሚመጣው። እዚያ ማዶ የሚወሰነው ዋጋ እኛ ጋ ሲደርስ ከግማሽ በላይ የሚወስነው ብራችን ነው።

የኔ ስህተት ይሄ ነበር። ታሪኩን በደንብ አውቄዋለሁ፣ ግን የሌላ አገር ሰው ታሪክ አድርጌ ነው ያነበብኩት። በዶላር ለሚከፈለው ሰው «ጠብቅ» ጥሩ ምክር ነው። በብር ለሚያጠራቅም ልጅ ግን እየጠበቀ ያለው ዕቃው እስኪረክስ ሳይሆን ብሩ እስኪያልቅበት ነው።

እሁድ ዕለት ለወንድሜ ብዙ አልመለስኩለትም። ማታ ግን ደወልኩለት። «ያየኸውን ፒኤስ 4 ነገ ሄደህ ያዘው፣ የጎደለውን እኔ እሞላለሁ» አልኩት።

«ብድር ነው?» አለኝ።

«ካሳ ነው» አልኩት።

እስቲ እናንተም በየሰፈራችሁ የመጀመሪያዋ ፕሌይስቴሽን ቤት የት ነበረች? አንድ ጨዋታስ ስንት ነበር? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።