ግልባጭ፦ ለመዝገብ ቤት

እንግዲህ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የዛሬው ወሬዬ የአንድ የመርካቶ ሰው ጉዳይ ነው። ሰፈሩ «ሃምሳ አለቃ» ይላቸዋል፤ ስማቸውን እንዳላወጣ ስለለመኑኝ እኔም ከዚያ አላልፍም። ጓጉንቸር፣ ማጠፊያና ሚስማር ይሸጣሉ። ሱቃቸው ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስቆምም። በግራ እግራቸው ያነክሳሉ። እግራቸው የተመታው በ1970 ዓ.ም. የካቲት፣ ካራማራ ላይ ነው።

በዘመኑ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። ያልነበራችሁ ልጆች ስሙ። ሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ ጦር በኦጋዴን በኩል ድንበር ጥሶ ገባ። ጅጅጋ በእጁ ወደቀች፤ ወደ ሐረርና ወደ ድሬዳዋም ገሠገሠ። አገር ተነሣ። ገበሬው ሞፈር ቀንበሩን ሰቅሎ ታጠቅ ጦር ሰፈር ገባ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጦሩ ካራማራን ሰብሮ ጅጅጋን አስለቀቀ፣ ሰንደቅ ዓላማውም ተመልሶ ተሰቀለ። ሃምሳ አለቃ ግን ሰንደቁ ሲሰቀል አላዩም። ሐረር፣ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ያኔ ገና ተራ ወታደር ናቸው። አንድ ቀን መኮንኖች ወደ ክፍሉ ገቡ፣ ስም ተጠራ፣ ሜዳይ የሆስፒታሉ ፒጃማ ላይ ሰኩላቸውና ወደሚቀጥለው አልጋ አለፉ።

ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚያ አልጋ ላይ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

በእኛ አገር አሠራር ሽልማት ማለት ደረት ላይ የሚንጠለጠለው ብቻ አይደለም። የክፍሉ አዛዥ ጀብዱውን ጽፎ ያቀርባል፣ የበላይ አካል ያጸድቃል፣ ትእዛዝ ይወጣል። ከትእዛዙ ግርጌ ደግሞ ሁላችንም የምናውቃት መስመር አለች፤ «ግልባጭ፦ ለመዝገብ ቤት» የምትል። ያቺ ግልባጭ የወታደሩ የግል ማኅደር ውስጥ ከገባች ሰውየው ተሸላሚ ነው። ካልገባች ሜዳይ ያለው ሰው ነው እንጂ ተሸላሚ አይደለም። ሃምሳ አለቃ ሐረር ተኝተው ሳሉ ክፍላቸው ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሰሜን ተንቀሳቀሰ። አዛዡ ኤርትራ ላይ ወደቀ። ግልባጯ የት እንደቀረች እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

ከዚያ 1983 ዓ.ም. መጣ። ደርግ ወደቀ፣ ሠራዊቱም ተበተነ። ከ450 ሺህ በላይ ሰው ነው የምላችሁ። ቶላይ፣ ታጠቅ፣ ብላቴ፣ ሁርሶ ገብቶ ወራት ከረመ፣ የመልሶ ማቋቋም ኮሚሽኑ መዘገበው፣ ወረቀትና ስንቅ ይዞ ወደየቀዬው ተሸኘ። «የደርግ ወታደር» የሚለው ቃል ያን ጊዜ ስድብ ነበር። ባለቤታቸው ሜዳዩን ትራስ ውስጥ ሰፍተው አስቀመጡት። እሳቸው መርካቶ ገብተው መጀመሪያ ተሸከሙ፣ እግራቸው እንቢ ሲል ሚስማር በችርቻሮ ጀመሩ። ሦስት ልጅ አስተማሩ። ስለ ካራማራ ለማንም አላወሩም።

አሁን ግን እድሜያቸው ገፋ። በቅርቡ አውቶቡስ ተራ አካባቢ ካሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ወደ አንዱ ገቡ። እኔም እዚያው ነበርኩ። ጸሐፊዋ ከልጅ ልጃቸው ብዙም የማትበልጥ ልጅ ናት።

«ጉዳዩ ምን ልበል አባባ?» አለቻቸው።

«በጦር ሜዳ የተሸለምኩት ሜዳይ በግል ማኅደሬ እንዲመዘገብልኝ ስለመጠየቅ፣ በይ ልጄ።»

ጣቷ ሮጠ። «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» የሚለውን አገር የሚያውቀውን መግቢያ ሳትጠየቅ መታችው። ከዚያ ቆም አለችና «ግን ምን አድርገው ነው የተሸለሙት?» አለች።

ዝም አሉ። ኮፒ ማሽኑ ሲያጓራ ጠበቁ። ቀጥለውም መትረየስ ተኳሹ እንደወደቀ፣ እሳቸው መትረየሱን እንደተቀበሉ፣ ቁስለኛው ሁሉ ከሸለቆው እስኪነሣ ቦታውን እንዳልለቀቁ ነገሯት። ሦስት ዓረፍተ ነገር አይሞላም። ልጅቷ ጽፋ ስታነብላቸው «ከፍተኛ ጀግንነት በተሞላበት ሁኔታ» የሚል ከራሷ ጨምራበታለች።

«እሱን አውጪው» አሉ። «ቦታዬን አልለቀቅኩም በይ። ይበቃል።»

አወጣችው። አተመችው፤ ፈረሙበት። ለልጅቷ ሊከፍሉ ኪሳቸውን ሲዳብሱ «ተዉት አባባ» አለቻቸው፤ አልተቀበሏትም፣ ከፈሉ።

ማመልከቻውን ወስደው አስገቡ። የትኛው ቢሮ እንደሆነ አልናገርም፤ ጉዳዬ ከአንድ ቢሮ ጋር አይደለም። መዝገብ ቤት ማኅደራቸውን ፈልጎ አገኘው፤ ማግኘቱ ራሱ ተመስገን ነው። የተቀጠሩበት ቀን አለ፣ ማዕረግ ያገኙበት አለ፣ መቁሰላቸውም አለ። ሜዳዩ የለም። ሜዳዩን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ወጣቱ ሠራተኛ አየው፣ ገለበጠው፣ መለሰላቸው። «አባቴ፣ ሜዳይ እኮ መርካቶ ይሸጣል» አለ።

«የገዛሁት ከሆነ ሻጩ ይምጣ» ብለው ወጡ።

ይህን ሲነግሩኝ ደሜ ፈላ። ግን ደግሞ ልጁ አልዋሸም። ምናለሽ ተራ ሂዱ። ያረጀ ብረት በዓይነት በዓይነቱ ተለይቶ በኪሎ በሚሸጥበት በዚያ ሰፈር፣ ከበር እጀታና ከላምባ ፋኖስ መሐል፣ እኔ ራሴ የኮሪያ ሜዳይ አይቻለሁ። የተባበሩት መንግሥታት ለኮሪያ ዘማቾች የሰጠው ነው። ያ ሜዳይ በየዘማቹ አገር ቋንቋ ነው የተሠራው፤ ከላይ ባለችው ዘንግ ላይ «ኮሪያ» ተብሎ በፊደላችን ተጽፏል። ባለቤቱ ማን ነበር? ለምን ሸጠው? ወይስ ልጆቹ ሸጡት? ነጋዴውን ብጠይቀው «ከዕቃ ጋር መጣ» አለኝ። ከዚያ በላይ የሚናገር ወረቀት አብሮት የለም። ማኅተም ቀርጾ በሚያድር ገበያ መሐል ተቀምጦ «ያለ ማስረጃ መዝግቡ» ማለትም አይቻልም። ስለዚህ ቢሮው መጠንቀቁ ትክክል ነው። ጥንቃቄው ግን ሰውየውን ከበር መመለሻ ሳይሆን ማስረጃ መፈለጊያ መሆን ነበረበት።

ኮሪያን ካነሣሁ አይቀር ትንሽ ልቆይባት። ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ እየተመራ በባቡር ጅቡቲ ወርዶ፣ በመርከብ ወደ ቡሳን ተጓዘ። የክብር ዘበኛ ልጆች ናቸው። እየተፈራረቁ ከ6 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን እዚያ ሄዱ። ከ120 በላይ ሞቱ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ፣ አንድም አልተማረከም። ለጀብዱአቸው ኢትዮጵያም አሜሪካም ኮሪያም ሸለማቸው። ሲመለሱ አገር በእልልታ ተቀበላቸው።

ከዚያስ? ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ በመንግሥቱ ንዋይ መሪነት መፈንቅለ መንግሥት ሞከረ፤ ከሸፈ፤ ክፍሉ ተበተነ። የኮሪያው ጀግና በአንድ ሳምንት ውስጥ ተጠርጣሪ ሆነ። ቀጥሎ በ1967 ዓ.ም. ደርግ መጣ። ደርግ የሰሜን ኮሪያ ወዳጅ ነው፤ እነዚህ ደግሞ ሰሜን ኮሪያን የተዋጉ ናቸው። ብዙዎቹ ሜዳያቸውን ደበቁ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት የቆመውን የትግላችን ሐውልት ታውቁታላችሁ? የኦጋዴንን ጀግኖች የሚዘክረው ያ በ1977 ዓ.ም. የተመረቀ ሐውልት የተሠራው በሰሜን ኮሪያውያን እገዛ ነው። አንዱን ጀግና ለማክበር የሌላው ጀግና ጠላት መጥቶ ድንጋይ ጠረበ። የቃኘው ሽማግሌዎች በዚያ ሲያልፉ ምን ይሰማቸው እንደነበር እኔ ማሰብ ይከብደኛል። ቆይቶ ተራው የደርግ ወታደር ሆነና የእነ ሃምሳ አለቃ ሜዳይ ትራስ ውስጥ ገባ።

እና እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ እናገራለሁ። ወታደሩ የሞተውም የቆሰለውም ለአገር ነው። መንግሥት ሲቀየር ጀብዱው ከማኅደሩ አይፋቅም። አዲስ የመጣ ሁሉ ያለፈውን ዘማች እየረሳ እዚህ ደርሰናል። ይህ ይብቃ።

በማስረጃ በኩል መንገድ የለም እንዳትሉኝ። አባቶቻችን አሳይተውናል። መርካቶ ራሷ ጣሊያን ገበያውን ከአራዳ አንሥቶ ለአገሬው ሰው ብሎ የከለላት ሰፈር ናት። በእነዚያ አምስት የወረራ ዓመታት በረሃ የወረደ አርበኛ የግል ማኅደር አልነበረውም፤ ከተማ ተቀምጦ መረጃና ጥይት የሚያቀብለው የውስጥ አርበኛማ ስሙን እንኳ በወረቀት አያሰፍርም ነበር፤ ከተገኘ ስቅላት ነው። ሸዋረገድ ገድሌ ተይዛ ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት ድረስ ተግዛለች። ድል ከሆነ በኋላ ታዲያ ንጉሡ የአርበኝነት ሜዳይ አቋቋሙ፤ በዱር ለቆየበት ዘመን ዘንባባ ይጨመርበት ነበር። ያ ሁሉ ዘንባባ የተቆጠረው በምን ይመስላችኋል? በሰው ነው። አለቃው «ከእኔ ጋር ነበር» አለ፣ ባልንጀራው «አውቀዋለሁ» አለ።

ሻምበል ማሞ ሀብተወልድን ውሰዱ። በ1945 ዓ.ም. ግንቦት፣ ገና ምክትል መቶ አለቃ ሳለ፣ ኮሪያ ላይ ጥቂት ሰዎች ይዞ ለቅኝት ወጥቶ በብዙ የቻይና ወታደር ተከበበ፤ ተዋግቶ ወጣ፤ አሜሪካኖቹ ሲልቨር ስታር ሰጡት። እንዲህ ያለው የቃኘው ታሪክ ለምን ቀረልን? ኤስ ኤል ኤ ማርሻል የሚባል አሜሪካዊ የጦር ታሪክ ጸሐፊ ልማዱ ወታደሮቹ ከውጊያ እንደተመለሱ ሰብስቦ እየጠየቀ መጻፍ ስለነበረ ነው። አንተ የት ነበርክ? ከአንተ ቀጥሎ ማን ነበር? የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1956 በመጽሐፍ ወጣ።

አሜሪካኖቹም ቢሆኑ መዝገብ ጠፍቶባቸዋል። ሐምሌ 5 ቀን 1965 ዓ.ም. ሴንት ሉዊስ የሚገኘው የወታደሮች መዝገብ ማዕከል ተቃጠለ። ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን ማኅደር ዐመድ ሆነ። «ፋይልህ ተቃጥሏል፣ ሂድ» ብለው ግን አልቀሩም። የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩን አወጡ፣ የሆስፒታል መዝገብ አወጡ፣ የክፍሉን የዕለት ሪፖርት አወጡ፣ አብሮት የነበረ ሰው ፈርሞ ሲመሰክር ተቀበሉ። የተሳሳተ ወይም የጎደለ የወታደር መዝገብ የሚያርም ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1946 በሕግ አቋቁመዋል። ዛሬም ሽማግሌ ዘማች «ሜዳዬ ይጨመርልኝ» ብሎ ያመለክታል፣ ይታይለታል። እኛም ብንፈልግ እንችላለን። የሆስፒታል መዝገብ ነበረን። የደመወዝ ሊስት ነበረን። ከሁሉ በላይ አብረው የነበሩ ሰዎች አሉን፤ እነሱ ደግሞ በየወሩ እየቀነሱ ነው።

ሃምሳ አለቃ በዚህ ጉዳይ ብር አልጠየቁም። ጠይቄያቸዋለሁ። «ጡረታ ቢጨምሩልኝ እሰየው፤ የመጣሁት ግን ለሱ አይደለም» አሉኝ። «የልጅ ልጆቼ አንድ ቀን ያቺን ማኅደር ቢከፍቱ ቁስሉን ያገኙታል። ለምን እንደቆሰልኩ አያገኙም።»

አሁን ነገሩ የደረሰበትን ልንገራችሁ። ሁለት እማኝ ተገኝቷል። አንዱ አዳማ የሚኖሩ፣ በዚያ ሸለቆ ከተነሡት ቁስለኞች መካከል የነበሩ ሰው ናቸው፤ ሲደወልላቸው ስሙን ሰምተው ለረጅም ጊዜ መናገር አልቻሉም፣ በማግሥቱ አውቶቡስ ተሳፍረው መጡ። ሁለተኛው እዚሁ መርካቶ፣ ሚሊተሪ ተራ ሲነግዱ ስንት ዓመት በአጠገባቸው ያለፉ ጎረቤት ሆነው ተገኙ፤ የዚያው ክፍል ጥይት አመላላሽ ነበሩ። ሁለቱም ቃላቸውን ሰጥተው ፈርመዋል። ሁለቱም ግን የመሰከሩት ውጊያውን ነው። ሜዳዩ ሲሰካ አልነበሩም።

ስለዚህ ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል። በ1970 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻና መጋቢት ሐረር ሆስፒታል የተኛችሁ፣ ነርስ ወይም አስታማሚ ሆናችሁ ያገለገላችሁ፣ ያን ቀን ከመኮንኖቹ ጋር ገብቶ ፎቶ ያነሣ ሰው የምታውቁ፣ ወይም የዚያን ጊዜ ፎቶ በቤታችሁ አልበም ያላችሁ፣ ወደ መርካቶ ሳጥን ተራ ብቅ በሉ። ጓጉንቸር የሚሸጡት ሃምሳ አለቃ የቱ ጋ ናቸው ብላችሁ ጠይቁ፤ ማንም ያሳያችኋል። እሑድ ብቻ አይገኙም።