ትልቅ ሐይቅ ላይ ዓሣ ለማጥመድ የአልሙኒየም ጀልባ ልትገዙ ነው? ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ሴቭ አድርጉትና ቀስ ብላችሁ አንብቡት። በተለይ ቶሮንቶ፣ ቺካጎ፣ ሚልዋኪና ክሊቭላንድ አካባቢ ላላችሁ፣ ሰመር በመጣ ቁጥር «ለምን ጀልባ ተጋርተን አንገዛም?» የሚል ጓደኛ ለማይጠፋችሁ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በአንድ እውነተኛ ታሪክ እንጀምር። በ1966 የሚሺጋን ግዛት ኮሆ የሚባለውን የሳልመን ዝርያ ከፓስፊክ አምጥቶ ወደ ሚሺጋን ሐይቅ የሚገቡ ወንዞች ውስጥ ለቀቀ። በዓመቱ ዓሦቹ አድገው ወደ ዳርቻው ሲጠጉ አገሩ ሁሉ አበደ። ጀልባ ያለው በጀልባው፣ የሌለው በተገኘው ነገር ወደ ፕላት ቤይ ጎረፈ። ቅዳሜ ሴፕቴምበር 23 ቀን 1967 ለአነስተኛ ጀልባዎች የአየር ማስጠንቀቂያ ወጥቶ ነበር። ብዙዎች ግን ከቁም ነገር ሳይቆጥሩት ወጡ። ድንገት ማዕበል ተነሳና 7 ሰዎች ሞቱ።

ብዙዎቹ ጀልባዎች ለትንሽ ኩሬ የተሠሩ ነበሩ። በጸጥታ ውሃ ላይ ምንም አይሉም፤ ማዕበል ሲመጣ ነው ጉዳቸው የሚታየው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻ ባታነቡት እንኳ አንድ ነገር ያዙ፦ ጀልባ የሚመረጠው ለመመለሻው ነው። ጠዋት ሲወጡ ማንኛውም ጀልባ ያምራል።

▪️ ትሮሊንግ ምንድን ነው?

ኮሜንት ላይ ሰው የሚያናድደውን አይደለም። ትሮሊንግ ማለት ጀልባው በዝግታ እየሄደ መንጠቆ የታሰረበትን አስመሳይ ዓሣ ከኋላው እየጎተተ የሚያጠምድበት ዘዴ ነው። ዋልአይ ለሚባለው ዓሣ ፍጥነቱ በሰዓት ከ2 እስከ 4 ኪሎ ሜትር፣ ለሳልመን ደግሞ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። በቃ፣ የእግር ጉዞ ፍጥነት።

ሳልመን በሰመር ቀዝቃዛ ውሃ ፍለጋ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ዳውንሪገር የሚባል ትንሽ ማጠንጠኛ በጀልባው ጠርዝ ላይ ይታሰራል፤ ከ4 እስከ 5 ኪሎ የሚመዝን የብረት ኳስ በሽቦ አውርዶ ክሩን የተፈለገው ጥልቀት ላይ ያደርሰዋል። ክሩን ከጀልባው ራቅ አድርገው ወደ ጎን የሚይዙ ተንሳፋፊ ሰሌዳዎችም አሉ።

ይሄ ሁሉ ከጀልባ ምርጫ ጋር ምን አገናኘው? ትሮሊንግ ላይ ያለ ጀልባ ፈጥኖ አይሸሽም። አራት አምስት ክር ውሃ ውስጥ እያለ ማዕበል ቢመጣ መጀመሪያ ሁሉንም መሰብሰብ አለባችሁ። እስከዚያ ጀልባው በዝግታ እየሄደ ከጎንም ከኋላም ይመታል። ያንን ችሎ የሚቆም አካል ያስፈልጋችኋል።

▪️ ሐይቅ ስንል የትኛውን ሐይቅ?

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው። ሚሺጋን ሐይቅ 58,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የጣናን ከ15 እጥፍ በላይ ማለት ነው። ጥልቀቱ እስከ 281 ሜትር ይደርሳል። ኦንታሪዮ እስከ 244 ሜትር ይወርዳል።

ኢሪ ግን ለየት ይላል። አማካይ ጥልቀቱ 19 ሜትር ብቻ ነው። «ታዲያ ጥልቅ ካልሆነ ይቀላል» እንዳትሉ። ውሃው ጥልቀት ስለሌለው ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ቶሎ ያድጋል፤ አጭር፣ ቀጥ ያለና የተጠጋጋ ይሆናል። አንዱን ሳታልፉ ሌላው ይደርሳል። ትንሽ ጀልባን የሚያስቸግረው እንዲህ ያለው ነው።

▪️ ለምን አልሙኒየም?

አልሙኒየም ክብደቱ የብረት አንድ ሦስተኛ ያህል ነው። ለጀልባ የሚውለው ማግኒዝየም የተቀላቀለበት ዓይነት ስለሆነ ዝገት አይበግረውም። 18 ጫማ (5.5 ሜትር) ርዝመት ያለው ጥሩ ጀልባ ሞተርና ዕቃ ሳይጨመር ከ600 እስከ 800 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ተመሳሳይ መጠን ካለው ፋይበርግላስ ስለሚቀልል መካከለኛ መኪና ይጎትተዋል፤ ሞተሩም ነዳጅ ይቆጥባል። ድንጋይ ላይ ቢፋተግ ይጎደጉዳል እንጂ ቶሎ አይሰነጠቅም። ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይቀንሳል።

ጉድለቱንም እንናገር። ቀላል ስለሆነ ነፋስ ይገፋዋል፤ በዝግታ ሲሄድ አቅጣጫ መጠበቅ ያታግላል። ማዕበል ላይ ደግሞ ከፋይበርግላስ በላይ ያንገጫግጫል፣ ይጮሃል። ወገባችሁን የሚያማችሁ ካላችሁ ይህን ቀድማችሁ አስቡበት።

▪️ 1. ሆዱን እዩ

ውሃ ውስጥ የሚገባውን የታችኛውን ክፍል ከኋላ ቆማችሁ ተመልከቱ። ጠፍጣፋ ከሆነ ለወንዝና ለኩሬ ነው፤ ትልቅ ሐይቅ ላይ አትውሰዱት። እናንተ የምትፈልጉት እንደ ቪ ቅርጽ የሾለውን ነው። የሾለ ሆድ ማዕበሉን ይሰነጥቃል፤ ጠፍጣፋው ግን በጥፊ ይመታዋል።

የሹለቱ መጠን በዲግሪ ይለካል። ኋላው ላይ ከ16 እስከ 20 ዲግሪ ከሆነ ለትልቅ ሐይቅ ጥሩ ነው። ሻጩን «ኋላው ስንት ዲግሪ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። በጣም የሾለ ጀልባ ቆሞ ሲውል ወደ ጎን ትንሽ እንደሚወዛወዝም እወቁ፤ ሁሉም ነገር ዋጋ አለው።

▪️ 2. ርዝመት፣ ስፋት፣ የጠርዝ ቁመት

ለእነዚህ ሐይቆች ከ18 እስከ 20 ጫማ ርዝመት ጥሩ መነሻ ነው። 16 ጫማ ይዘው የሚወጡም አሉ፤ እነሱ ግን ቀን መርጠው፣ ዳርቻ ሳይለቁ ነው። ስፋቱ ሰፋ ባለ ቁጥር ጀልባው ይረጋጋል። አሜሪካ ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ በዋና መንገድ የሚጎተት ነገር ወሰኑ 102 ኢንች (2.6 ሜትር) ነው፤ ወደዚያ የተጠጋ ስፋት ያላቸው ሞዴሎች አሉ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ቁመቱን ነው። ከውሃው እስከ ጀልባው ጠርዝ ያለው ቁመት ዝቅተኛ ከሆነ ማዕበል ዘሎ ይገባል። በተለይ ሞተሩ የሚታሰርበትን የኋላ ግድግዳ እዩ። ትሮሊንግ ላይ ማዕበል ከኋላ ሊመጣ ስለሚችል ከ20 ኢንች ይልቅ ለ25 ኢንች ሞተር የተሠራ ከፍ ያለ ግድግዳ ይመረጣል።

▪️ 3. ሪቬት ወይስ ብየዳ?

ይሄ ክርክር እንደ ኳስ ደጋፊ ነው፤ አያልቅም። ለምሳሌ ከታወቁት መካከል ሉንድ በሪቬት፣ ክሬስትላይነር በብየዳ ይታወቃሉ። ሁለቱም መነሻቸው ሚኒሶታ ነው፤ ሁለቱም ትልልቅ ሐይቆች ላይ ይሠራሉ።

በሪቬት የተያያዘ ጀልባ ለዓመታት ሲንገጫገጭ አንዳንዱ ሪቬት ሊላላና ውሃ ሊያስገባ ይችላል። ጥገናው ግን ቀላል ነው፤ የላላው ይጠበቃል ወይም ይቀየራል። የተበየደው መገጣጠሚያው አንድ ወጥ ስለሆነ በቀላሉ አያፈስም። ብየዳው ከተሰነጠቀ ግን አልሙኒየም መበየድ የሚችል ባለሙያ ይፈልጋል። ስለዚህ ከአሠራሩ ስም ይልቅ የጥራቱን ጉዳይ ጠይቁ፦ የሆዱ ውፍረት ስንት ነው? 0.100 ኢንች (2.5 ሚሊ ሜትር) እና ከዚያ በላይ ለትልቅ ሐይቅ ጥሩ ነው። ዋስትናው ሆዱን ስንት ዓመት ይሸፍናል? ለሁለተኛ ገዢ ይተላለፋል?

▪️ 4. ሁለት ሞተር

ዋናው ሞተር ከወደብ አውጥቶ የሚመልሳችሁ ነው። ለ18 ጫማ ጀልባ ብዙ ጊዜ ከ115 እስከ 150 የፈረስ ጉልበት ይታሰራል። ትልቅ ሞተር ግን በእግር ፍጥነት ለመሄድ ይቸገራል፤ ቀኑን ሙሉ በዝግታ ማስነሳቱም አያዋጣም። ስለዚህ ከጎኑ 9.9 የፈረስ ጉልበት ገደማ የሆነ ትንሽ ሞተር ይጨመራል። በዝግታ የሚጎትተው እሱ ነው።

ትንሹ ሞተር ሁለተኛ ጥቅም አለው። ዋናው ከዳርቻ 10 ኪሎ ሜትር ርቆ እምቢ ቢል ወደ ቤት የሚወስዳችሁ እሱ ነው። ስለዚህ ጀልባውን ስትመርጡ የኋላ ግድግዳው ሁለቱን ሞተር የመያዝ ቦታና አቅም እንዳለው አረጋግጡ። ነዳጅን በተመለከተ የድሮ ባሕረኞች ደንብ አለ፦ አንድ ሦስተኛ ለመሄጃ፣ አንድ ሦስተኛ ለመመለሻ፣ አንድ ሦስተኛ ለክፉ ቀን።

▪️ 5. ውስጡ

ለትሮሊንግ የኋላው ክፍል ሰፊና ነፃ መሆን አለበት፤ ሁለት ሰው ቆሞ ዓሣ የሚያወጣበት። መስታወት ያለው ሞዴል ከነፋስና ከውሃ ፍንጣሪ ይከላከላል። ዳውንሪገር የምታስሩበት ጠርዝ ጠንካራ ይሁን፤ ስስ አልሙኒየም ላይ ያለ ደጋፊ ሰሌዳ ብሎን ብታስገቡ ከባዱ ኳስ አንድ ቀን ነቅሎት ይሄዳል። ውሃ የሚያወጣው ፓምፕ በራሱ የሚነሳ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል።

▪️ 6. ትንሿን ሰሌዳ አንብቡ

አሜሪካ ውስጥ ከ20 ጫማ በታች የሆነ መደበኛ የሞተር ጀልባ የሚችለውን ሰው፣ ክብደትና የሞተር ጉልበት የሚገልጽ ሰሌዳ እንዲለጠፍበት ሕግ ያስገድዳል። ካናዳም ተመሳሳይ ሰሌዳ አላት። ስድስት ሰው የሚል ጀልባ ላይ ስድስት ሰው ከነዕቃው፣ ከነበረዶው፣ ከነምግቡ ጭኖ ትልቅ ሐይቅ መውጣት ግን ብልህነት አይደለም። ለትሮሊንግ ሦስት ሰው ይበቃል፤ አራት ካላችሁ ተራ ግቡ።

▪️ ያገለገለ ከሆነ

በዚህ ዋጋ አዲስ መግዛት ለብዙዎቻችን ከባድ ነው፤ ያገለገለ መግዛት ነውር የለውም። ግን ፎቶ አይታችሁ ቅድሚያ ክፍያ አትላኩ። ሄዳችሁ እነዚህን አድርጉ፦

▪️ የታችኛውን የሞተር ክፍል ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ግፉ። የኋላ ግድግዳው አብሮ ከተወዛወዘ ውስጡ ያለው እንጨት በስብሷል ማለት ሊሆን ይችላል።
▪️ ወለሉ ላይ እየተራመዳችሁ እርገጡ። የሚሰምጥ ቦታ ካለ እንጨቱ አልቋል።
▪️ ባለቤቱ ከፈቀደ ተሳቢው ላይ እንዳለ ውስጡ ጥቂት ውሃ ጨምሩና ከታች የሚንጠባጠብበትን ፈልጉ። አትሙሉት፤ ውሃ ከባድ ነው።
▪️ ሞተሩን መካኒክ ኮምፕረሽኑን ይለካ። ውሃ ላይ ሳትሞክሩ አትክፈሉ።
▪️ የተሳቢውን ጎማ፣ ኩሽኔታና መብራት እዩ።
▪️ ጀልባው ላይ የተቀረጸው መለያ ቁጥር ከወረቀቱ ጋር መመሳሰሉን አረጋግጡ። ካልተመሳሰለ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ተዉት።

ራሳችሁ ልታድሱት ካሰባችሁ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ እንዳይበሰብስ መዳብ ባለው ኬሚካል የተነከረ እንጨት አልሙኒየም ጋር አታገናኙ። መዳብና አልሙኒየም እርጥበት ውስጥ ሲነካኩ አልሙኒየሙ ይበላል።

▪️ ጀልባው ብቻውን አያድንም

የሐይቆቹ ውሃ በተለይ በፀደይና በመኸር ቀዝቃዛ ነው። የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ጎርደን ጊስብሬክት ያስተዋወቁት 1-10-1 የሚባል ደንብ አለ። በረዶ የመሰለ ውሃ ውስጥ ከወደቃችሁ 1 ደቂቃ ትንፋሻችሁን ለመቆጣጠር፣ 10 ደቂቃ እጅና እግራችሁን ለማዘዝ፣ 1 ሰዓት ገደማ በቅዝቃዜ ራስ ከመሳት በፊት አላችሁ። የመንሳፈፊያ ጃኬት ካላደረጋችሁ ግን ያ 1 ሰዓት ላይ አትደርሱም፤ እጃችሁ ሲደነዝዝ ትሰምጣላችሁና። ስለዚህ ጃኬቱ ወንበር ሥር ሳይሆን ገላችሁ ላይ ይሁን።

የሞተር ማጥፊያውን ገመድም ከራሳችሁ ጋር እሰሩ፤ ብትወድቁ ሞተሩ ይቆማል። አሜሪካ ውስጥ ከኤፕሪል 1 ቀን 2021 ጀምሮ ከ26 ጫማ በታች የሆነ ጀልባ በፍጥነት የሚነዳ ሰው እንዲጠቀምበት በፌዴራል ሕግ ይገደዳል። ካናዳ ውስጥ ደግሞ የሞተር ጀልባ ለመንዳት የብቃት ካርድ ያስፈልጋል።

ስልካችሁ ሐይቁ መሃል ኔትወርክ ላያገኝ ይችላል። የባሕር ሬዲዮ ያዙ፤ የአደጋ ጥሪው ቻናል 16 ነው። ከመውጣታችሁ በፊት የሐይቁን ትንበያ ክፈቱ። በእነዚህ ሐይቆች የአሜሪካ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ለአነስተኛ ጀልባዎች ማስጠንቀቂያ የሚያወጣው ነፋሱ 22 ኖት (በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር) ሲደርስ ወይም ማዕበሉ ከ4 ጫማ ሲያልፍ ነው። ማስጠንቀቂያው ካለ ቡና አፍልታችሁ ቤት ዋሉ። በ1967 ፕላት ቤይ ላይም ማስጠንቀቂያው ነበር።

ዓሣው ነገም አለ። ጀልባ ተጋርቶ ለመግዛት ያሰበ ጓደኛ ካላችሁ ሼር አድርጉለት፤ ብር ከማዋጣቱ በፊት ያንብበው።