ጭብጨባ ያልጠበቁት

ወዳጄ ሆይ፣ እንደ እኔው ሮክ ወዳድ ነህና «ስፓይደርላንድ»ን ሳታደምጠው እንዳታልፍ። ስሊንት የተሰኙት አራት የአሜሪካ፣ የሉዊቪል ከተማ ወጣቶች እ.ኤ.አ. በ1990 ቺካጎ ላይ በአራት ቀናት ቀረጹት። ዘፈኖቹ ስድስት ብቻ ናቸው። ድምፃዊው አብዛኛውን ጊዜ በለሆሳስ ይተርካል እንጂ አይዘፍንም፤ ጊታሮቹ አድፍጠው ቆይተው ድንገት ይፈነዳሉ። አልበሙ በ1991 ለገበያ ሲበቃ ባንዱ አስቀድሞ ፈርሶ ነበር፤ ገዢውም ጥቂት። ከዓመታት በኋላ ግን ፖስት ሮክ ለተባለው ስልት መሠረት ከጣሉት ሥራዎች መካከል ተቆጠረ።

እኔ ቀን በባንክ የሰው ገንዘብ ስቆጥር እውላለሁ፤ ማታ ደግሞ ስንኜን ሳልቋጭ የአንባቢዬን ቁጥር አሰላለሁ። እነዚያ ልጆች ጭብጨባ ሳይጠብቁ ሥራቸውን ጨርሰው ተበተኑ። አፈርኩ።

መብራትህን አጥፍተህ የመጨረሻውን ዘፈን አድምጥ፤ መርከቡ የተሰበረበት ካፒቴን በር ላይ ቆሞ ይጠብቅሃል።