ከቀመሩ ውጪ የቀረው ብርሃን

የሴሚኮንዳክተር ሌዘር ታሪክ ሲነሣ ዘወትር የሚወሳው የቤተ ሙከራው ድል ነው። ይሁን እንጂ ከመሣሪያው ጎን ለጎን ያደገ ሌላ ታሪክ አለ፤ ይኸውም የመሣሪያውን ጠባይ አስቀድሞ በሂሳብ ለማወቅ የተደረገው ጥረት ነው።

በ1962 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ሮበርት ሆል በአሜሪካ በጄኔራል ኤሌክትሪክ ቤተ ሙከራ ከጋሊየም አርሰናይድ የተሠራ ሌዘር አበራ። መሣሪያው በፈሳሽ ናይትሮጅን ካልቀዘቀዘ የማይሠራ፣ ብርሃኑንም በአጭር ብልጭታ ብቻ የሚሰጥ ነበር። በ1970 ግን የዞሬስ አልፌሮቭ ቡድን በሌኒንግራድ፣ ሃያሺና ፓኒሽም በቤል ቤተ ሙከራ፣ በተራ የክፍል ሙቀት ሳያቋርጥ የሚያበራ ሌዘር አስገኙ። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው በመስተዋት ክር ለሚተላለፍ መልእክት ታጨ።

ቀደምቱ ሞዴል ሁለት ቀመሮች ብቻ ነበሩት። አንዱ በሌዘሩ ውስጥ የተከማቹትን ኤሌክትሮኖች፣ ሌላው ፎቶኖቹን ይቈጥራል። የኤሌክትሪኩ ኃይል ኤሌክትሮኖቹን ያበዛል፤ ኤሌክትሮኖቹ ፎቶኖችን ይወልዳሉ፤ የበዙት ፎቶኖች ደግሞ መልሰው የኤሌክትሮኖቹን ክምችት ያመነምናሉ። ስለዚህ ሌዘሩ በበራበት ቅጽበት ብርሃኑ ከፍና ዝቅ እያለ ከተወዛወዘ በኋላ ይረጋል። ቀመሮቹም ይህንኑ ውዝዋዜ ስላሳዩ ታመኑ።

ሆኖም ሞዴሉ የብርሃኑን ብዛት እንጂ የሞገዱን ፌዝ አይቈጥርም ነበር። የዚህ ጉድለት ዋጋ በልኬት ታየ። ፍሌሚንግና ሙራዲያን በ1981 የለኩት የሌዘሩ የፍሪኩዌንሲ ስፋት በጊዜው ከነበረው ቲዎሪ በብዙ እጥፍ በልጦ ተገኘ። በ1982 የቤል ቤተ ሙከራው ቻርልስ ሄንሪ የአብዛኛውን ልዩነት ምክንያት ገለጠ፤ የኤሌክትሮኖቹ ቁጥር ሲዋዥቅ ሴሚኮንዳክተሩ ብርሃንን የሚሰብርበት መጠን አብሮ ይለወጣል፤ በዚህም ፌዙ ይናወጣል። ይህ ብቻ ስፋቱን 30 እጥፍ ያህል እንደሚያሳድገው አሰላ።

ከዚህ ቀደም ብሎ በ1980 ላንግና ኮባያሺ ከውጭ ነጥሮ ወደ ሌዘሩ የሚመለሰውን ብርሃን ከነመዘግየቱ በቀመር አስገብተው ነበር። መዘግየት ያለበት ቀመር በብዕር በቀላሉ ስለማይፈታ ሥራው ለኮምፒዩተር ተተወ። በ1980ዎቹ ዓመታት የተደረጉት ስሌቶችና ሙከራዎችም ከመስተዋት ክር ጫፍ የተመለሰ ጥቂት ብርሃን እንኳ ሌዘሩን ሥርዓት ወደሌለው ውዝዋዜ ሊከተው እንደሚችል አረጋገጡ። መሐንዲሱም ብርሃንን ወደፊት አሳልፎ ወደኋላ የሚከለክል መሣሪያ ከሌዘሩ ፊት ማቆም ግድ ሆነበት።

የሚያስገርመው ግን በኋላ ይኸው ሁከት ራሱ አገልጋይ መሆኑ ነው። በ2005 በአቴና ከተማ በተዘረጋ 120 ኪሎ ሜትር የመስተዋት ክር ውስጥ መልእክት በዚህ ሁከት ተሸፍኖ ተላለፈ፤ በሌላኛው ጫፍ ያለው አምሳያ ሌዘርም ሁከቱን ከመልእክቱ ለየው።

እንግዲህ የሞዴል ብቃት የሚመዘነው በያዘው ብቻ ሳይሆን በተወውም ነው። ቀመርና ልኬት ሲለያዩ ልዩነቱን እንደ ስሕተት ቈጥሮ ከማለፍ ይልቅ ምን እንደተዘለለ መጠየቅ የመሐንዲስ ግዴታ ነው።