የሆድና የዳሌ ሲቲ ስካን

የሆድና የዳሌ ሲቲ ስካን በኤክስሬይና በኮምፒውተር የውስጥ አካላትን በስስ ቁራጭ መልክ የሚያሳይ ምርመራ ነው። ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ በፈለሰፈው የሲቲ መሣሪያ የመጀመሪያዋ ታካሚ እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን ውስጥ አንጎሏን ተነሣች፤ ሆድና ዳሌ በኋላ ተከተሉ። በ1979 ከሃውንስፊልድ ጋር ኖቤልን የተጋራው አላን ኮርማክ የጆሃንስበርግ ተወላጅ ነበር።

ዋናው ሥጋት ጨረሩ ነው፤ አንዱ ምርመራ ወደ 8 ሚሊሲቨርት ያህል፣ ማለትም ሰው በሦስት ዓመት ገደማ ከተፈጥሮ የሚያገኘውን ጨረር ይሰጣል። ሥጋቱ መሠረት የለሽ አይደለም፤ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን አልትራሳውንድ የሚቀድመው ለዚሁ ነው። ሆኖም ትርፍ አንጀቱ ሊፈነዳ ለተቃረበ ሰው መዘግየቱ ከጨረሩ የበለጠ አደገኛ ነው። በደም ሥር የሚሰጠው አዮዲን ያለበት መድኃኒት ምስሉን ያጎላል፤ ስለዚህ ታካሚው የኩላሊት ሕመሙን፣ አለርጂውንና የስኳር ሕመም መድኃኒቱን ሜትፎርሚን መውሰዱን አስቀድሞ መናገር ይኖርበታል።